የመስኮቱ ጉንጭ

ዝናቡ ጅማ ላይ እንግዳ አይደለም፤
ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ አይጣራም፤
እንደ ቤቱ ልጅ ነው፣ ይገባል ይወጣል፣
ሐምሌ የገባ ’ለት ጭራሹን ያድራል።

ቆጪ ያለው ቤቴ፣ የሳሎኑ መስኮት፣
ጉንጩ ጠቁሮብኛል ካምናው ክረምት።
ጉንጭ ነው የምለው፣ ሌላ ስም አላውቅም፣
በመስተዋቱና በግድግዳው መሃል ያለውን ስፍራ፣
ብርሃን ሲገባ ቀድሞ የሚዳስሰውን፣
ያላረምኩትን ደብተር የምከምርበትን።
ሻጋታው ሲጀምር ነጥብ ነበር፣ እንደ ቁንጫ፣
ከዚያ ካርታ ሆነ፣ አዌቱን ከነመታጠፊያው፣
ከዚያ ጀሶው አበጠ፤ በጣቴ ብነካው
እንደ ራሰ ዳቦ ዋጠኝ።

ምክር አልጠፋም፤ እዚህ ከዝናቡም ይበዛል።
የመርካቶው ነጋዴ «ፒቪሲ ነው» ይላል፤
በጥፍሩ መታልኝ፤ ድምፁ ባዶ፣ ቀላል፣
ጥርስ የሌለው ሰው ሲስቅ ይመስላል።
እህቴ ራውዳ «እምነበረድ» አለች፣ ዋጋውን ሳትሰማ።
ጎረቤቴ፣ «ኤምዲኤፍ፤ ግን አረንጓዴው፣ እርጥበት የሚችለው»፤
አረንጓዴው፣ ቡናማው ሳይሆን፣ ብሎ ሁለቴ አስጠናኝ።
የቀለም ቤቱ ልጅ ሦስት ጣሳ ደረደረ።
ሴራሚክ ያለም ነበር፤ እሱን ዝም አልኩት።

በመጨረሻ መጣ ሙዘይን አናጢው፣
እርሳሱ ከጆሮው፣ ሜትሩ ከኪሱ።
አልለካም። አሸተተው።
ከዚያ በመሮ ጫፍ ጀሶውን ገሸለጠው፤
ከጀሶው ሥር ቺፑድ፣ ገንፎ የሆነ፤
ከቺፑዱ ሥር ቀለም፣ ሰማያዊ፣ የተረሳ፤
ከቀለሙ ሥር የዋንዛ ሳንቃ፣ አባቴ ያስመቱት፣
ከነጉጡ ጤነኛ፣ ጫፉ ብቻ የበሰበሰ።
ነቀለው። ገለበጠው።
ቆመ። አነበበ። ወደ እኔ አዞረው።

በእርሳስ ነው፣ ደብዝዟል፦
«ውሃው የሚገባው ከውጭ ነው፣ ከደፉ፤
ደፉ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ለባለቤቱ ነግሬያለሁ፤
‹አንተ እንጨትህን ምታ› ብለውኛል።
አባ ፊጣ፣ ነሐሴ 74።»

አባቴ ናቸው። ድምፃቸውን ሰማሁት፤
«አንተ እንጨትህን ምታ።»
ሠላሳ ዓመት ከመስኮት ጋር ሲሟገቱ ኖሩ፣
ሳንቃውን በቀለም፣ ቀለሙን በቺፑድ፣ ቺፑዱን በጀሶ፣
ፊቱን እየኳሉ፣
ምን እንዳስለቀሰው ሳይጠይቁ።
እኔም ያው ነኝ፤ ፕላስቲኩን መርጬ ነበር፣
ቀብድ ከፍዬ።

ሙዘይን ጃኬቱን ተከናንቦ ዝናብ ውስጥ ወጣ፣
ደፉ ላይ ሊቬላውን አጋደመ፤
አረፋዋ ወደ መንገዱ ሸሸች።
«ዛሬ እንጨት አልሸጥልሽም» አለኝ። «ግንበኛ ጥሪ።»

መስከረም ሲጠባ ደፉ ፈርሶ ተሠራ፣ ወደ ውጭ አጎንብሶ፣
ከሆዱ ሥር ቦይ ወጣለት፣ ጣት የምታህል፣
ጠብታ እዚያ ደርሳ ትወድቃለች እንጂ ግድግዳውን አታስበውም።
ጉንጩን በሲሚንቶ ለሰንነው፤ እስኪደርቅ ሦስት ሳምንት
(ካየሁት ዕቃ ሁሉ ውዱ ይሄ ነበር)።
ከዚያ የድሮው ዋንዛ ተመለሰ፣ ጫፉ ተቆርጦ፣
በተልባ ዘይት እስኪጠግብ ታሽቶ፣ ጀርባውም ጭምር፤
«ውሃ በጀርባ ነው የሚመጣ» ይላል ሙዘይን፤
ጽሕፈቱ ያለበትን፣ መዳፍ የሚያህለውን ቦታ ብቻ ዘለለው።

ከመመታቱ በፊት እርሳሱን ተዋስኩ።
ከአባ ፊጣ ስም ሥር ጻፍኩ፦
«ሰምተንሃል። ዘግይተን።»
ሙዘይን ምስማር በከንፈሩ እንደያዘ አነበበና
«ቀኑን ጻፊበት እንጂ» አለኝ።