ደረሰች

በጳጉሜን ጭቃ፣ አዘዞ ላይ ቆመን፣
የክትባት ካርዷን በላስቲክ ጠቅልለን፣
ተራችን ደረሰ።
«ዕድሜዋስ?» አሉኝ መምህሯ፣ ብዕሩን ጨብጠው፤
«ስድስት» አልኩ። ካርዱን አዩት ገልብጠው፤
ዝናብ ገብቶበታል፣ ቀኑ አይነበብም።
«ሐመልማል፣ ወዲህ ነይማ፤
እጅሽን በአናትሽ አሻግረሽ፣ የወዲያውን ጆሮ ያዢ፣ እንይሽማ።»

ተንጠራራች፤ ጣቷ ጸጉሯን ዳሰሰ፤
የጆሮዋ ጫፍ ጋ ሊደርስ ትንሽ አነሰ።
እኔ እናት ተብዬ፣ ላስመዘግብ የመጣሁ፣
«ዘንድሮ አትድረሺ» ብዬ በሆዴ ጸለይሁ።
እሷ ግን ብልጥ ናት፣ ጭንቅላቷን አዘነበለች፤
ጆሮዋ ራሱ ወደ ጣቷ ሄደላት።
መምህሯ ሳቁና ጻፉ፦ «ደረሰች።»

ማታ ሁሉም ሲተኛ፣ እጄን በአናቴ አዙሬ፣
ማንም ለክቶት የማያውቅ ጆሮዬን ያዝኩ፣ ዛሬ።