ከከንፈር በታች አርባ

ከማሽኑ ቤት ገብተህ ከበሩ ኋላ ስታይ፣
መዝገብ ተሰቅሏል አሮጌ ምስማር ላይ፤
ጥግ ጥጉ ግራሶ፣ መሐል መሐሉ ቀለም፤
የጋሽ ሸዋፈራው ነው፤ እሱ ዛሬ የለም።
ሃያ ስድስት ክረምት በሬሳን ሲጠብቅ፣
በደብረ ብርሃን ቁር ከዘንጉ ስር ሲማቅቅ፣
የጻፈው አጭር ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ከፍታ፣
በሩን ስንት ጣት እንደከፈተ ጠዋትና ማታ።

«ዘርፌ፣» አለኝ ያኔ፣ ሥራ ሲያስለምደኝ፣
«ውሃ እንደ እህል ነው፤
ጥቅምት ላይ ጎተራው ሞልቶ ስናየው
ሁላችን ለጋስ ነን፤
ግንቦት ነው የሚለየን።
በበጋው ቀን ቀን አስተኚው፣ ሲመሽ ቀስቅሺው፣
ከአሥራ ሁለት እስከ አራት መንገዱን ክፈቺው።
ሐምሌና ነሐሴ ግን ስስት አይግባሽ፤
ባዶ ቦታ ተይ፤ ያ ባዶው ነው ጋሻሽ።»
ገረመኝ። ሰማይ ሲንጣለል ማጉደል፣
ሰማይ ሲደርቅ መያዝ፣ ከወቅት ጋር መጋደል።

ከብረቱ ወንፊት ላይ የማይመጣ የለም፦
የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የማዳበሪያ ጆንያ፣ የአንድ እግር ጫማ፣
አንዴ የሞተች በግ፣ ሱፏ ጭቃ ጠጥቶ፣
አንዴ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ ለማን እንደሆነ ውሃው አጥፍቶት።
በረጅሙ መቧጠጫ፣ መዳፌ እስኪያብጥ፣ እጎትታለሁ፤
ካልጎተትኩ ማሽኑ ያቃስታል፤ ከእንቅልፌም ውስጥ እሰማለሁ።
ከሥር ደግሞ አፈሩ አለ፣ በየዓመቱ አንድ ስንዝር የሚወፍር።
እሱ «ደለል» አይለውም ነበር፤
«ይሄ የሰው ማሳ ነው፣» ይላል፣ «ባለቤቱ ገና ያልሰማ።»

አንድ ገጽ ግን አለ፣ ቀለሙ የፈዘዘ፣
ከቁጥሮቹ መካከል አንዲት ቃል የያዘ፦
«ነሐሴ አሥራ አራት። ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት።
ከከንፈር በታች አርባ። ስልክ ደወልኩ። ዝም። ቆየሁ።»

ደንቡ ያለው ሌላ ነው፦ አርባ ሲቀር ክፈት።
ጠየቅኩት።
«ከመልካው በታች፣» አለኝ፣ «ሱባኤ የገቡ ሰዎች
ዳስ ጥለው ተኝተዋል፤ ፍልሰታ ነው፤ ሕፃናትም አሉ።
ጥበቃው ደምስ ስልክ አላነሣም፤ ሳይረኑን ዝናቡ ውጦታል።
ይርዳውን ባትሪ አስይዤ ላክሁት፤
እኔ እዚህ ቆሜ ዘንጉን አያለሁ።
ሠላሳ። ሃያ ሁለት። አሥራ አራት።
ግድቡ ከጫማዬ ስር እንደታመመ በሬ ይተነፍሳል።
ባትሪው ከሩቅ ሦስቴ ሲዞር አየሁ፤
ያኔ ነው መንኮራኩሩን የነካሁ።»

ማንም አልሞተም። ግድቡም አልፈረሰ።
ለእሱ ግን ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት ደረሰ፤
የአሥር ቀን ደመወዝ። ፈረመና ኪሱ ከተተው።
«ልክ ነበሩ?» አልኩት።
ዝም ብሎ ቆየ፤ የእጁን ግራሶ በጨርቅ ጠረገው።
«ይርዳው ቢዘገይ፣ ግድቡ ቢሄድ፣
ዳሱ ብቻ አልነበረም እስከ ቆላው የሚወርድ።
ልክ ነኝ አላልኩም።
ጻፍኩት እንጂ።»

ዛሬ ነሐሴ ነው። ቅዳሜ፣ ገና ሲነጋ፣
ጭጋጉ ከውሃው ላይ እንደ ባና ሲዘረጋ፣
ዘንጉ አርባ ይላል።
ደወልኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ጊዜ ጮኸ።
«አቤት፣» አለኝ የደምስ ልጅ፤
«ገበያተኛው ተሻግሯል፤ ሦስት አህዮች ቀርተዋል፤
አንዷ መሐል ላይ ቆማ እምቢ ብላለች።»
«ግፏት፣» አልኩት።
ሠላሳ ዘጠኝ።
እስክሪብቶ አንሥቼ ከቁጥሩ ጎን «ቆየሁ» ብዬ ጻፍኩ፤
በሌላው እጄ መንኮራኩሩን ያዝኩ፤
ብረቱ አመዳይ ጠጥቶ አድሯል።
ሠላሳ ስምንት።
በስልኩ ውስጥ አህያዋ ስታናፋ ይሰማኛል።