እጀታው እንጨት ነው

ቤርሳቤህ፣ ሐምሌ፣ ቀትር፤ አስፋልቱ እንደ ሊጥ ላልቶ፣
ፕሮስፐር መጣ ደግሞ፣ ቮልቮውን በትከሻው ገፍቶ።
በፈረንጅ ስልሳ ስድስት የተሠራች፣ ቀለሟ የወይራ ቅጠል፣
ሁለት ካርቡሬተር ያላት፣ ሁለቱም ሲሞቅ የሚዝል።
«ጧት እንደ ሙሽራ ትነሣለች» አለኝ፣ «ወተት ገዝቼ ስመለስ
እንደ በቅሎ ትገግማለች፤ ቁልፍ ባዞር፣ ብለማመጥ፣ ባለቅስ።»

ኮፈኑን አነሣሁት። ትንፋሿ ፊቴን ላሰኝ።
ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ ሲንተከተክ ተሰማኝ፤
ፈሳሽ ሆኖ መድረስ ሲገባው መንገድ ላይ እንፋሎት ይሆናል፣
ፓምፑ አየር ይምጋል፣ ሞተሩ በጥም ይሞታል፣
ታንኩ ሙሉ ሆኖ።

ጠላቱ ከሩቅ አልመጣም፤
የጭስ ማውጫው ከሥር፣ ካርቡሬተሮቹ ከላይ፣
ባንድ ግድግዳ የሚኖሩ የተኳረፉ ተከራዮች።

በቧንቧው ላይ የልብስ መቆንጠጫ ተደርድሯል፣
የእንጨት፣ አሥራ ሁለት።
«ይሄስ?» አልሁት።
«የሟች ሚስቴ ነው። ሙቀት ይውጣል አለኝ
አንድ ሽማግሌ ከዲሞና።»
አልሳቅሁም።
ማለቴ፣ ብዙ አልሳቅሁም።

ሥራ ጀመርሁ።
ከባኬላይት ጣት የሚያህል ውፍረት ቆርጬ
በካርቡሬተሩና በጋለው አንገት መሐል ሸነቆርሁት።
ከሥሩ የአሉሚኒየም ጋሻ፣ ጠርዙ የታጠፈ፣
ከዳቦ ቤት ከተጣለ ትሪ
(ዕድሜውን በሙሉ እሳት የለመደ ነው፣ አይደነግጥም)።
የጭስ ማውጫውን እንደ ቁስለኛ እግር በጥብጣብ ጠቀለልሁት፣
የቤንዚኑን ቧንቧ ነፋስ ወደሚያገኝበት ጎን አዞርሁት።

አባቴ ሻረው ከጥላው ሥር ነበር፣ በፕላስቲክ ወንበር።
ከወገራ እዚህ ድረስ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ የመጣ፤
ሌሊት ጅብ ይሆናል ያሉት፣
ቀን ማረሻ ያሠሩት።
«ምን እየሠራህ ነው?»
«ሙቀት እየከለከልሁ።»
ዝም አለ። ዝንብ አባረረ።
«እኔ አርባ ዓመት ወናፍ ነፋሁ፣ ና እሳት፣ ና እያልሁ፤
አንተ ሂድ ትለዋለህ።
እሳት አመድ ይወልዳል ያሉት እውነት ነው» አለና
በገዛ ቀልዱ ሳቀ፣ እስኪያስለው።

ከዚያ ተነሣ። የተረፈችውን ባኬላይት
ጫፍ በሌለው አውራ ጣቱ ዳሰሳት።
«እጀታ ነው» አለ።
«ምን?»
«እጀታ። የጋለ መብሻ በምን ይያዛል? እጀታው እንጨት ነው።
እሳቱን ጠልቼው አላውቅም፤
እስከዚህ ብቻ አልሁት።»
ወደ መቆንጠጫዎቹም አገጩን ቀሰረ፦
«እነሱም እንጨት ናቸው። አትንቀላቸው።»

ወደ ዓራድ ወጣን ሦስታችን፣ መስኮቱን ከፍተን፣
ነፋሱ ራሱ የምድጃ አፍ በሆነበት ሰዓት።
ከማደያው ጎን አቆምናት፣ ኮፈኗን ዘግተን፤
ሃያ ደቂቃ ጠበቅን።
ፈተናው እዚህ ላይ ነው፤ ሞተር የሚቃጠለው ሲሮጥ አይደለም፣
ሲቆም ነው፤
ማራገቢያው ዝም ሲል፣ ውሃው መዞር ሲተው፣
ሙቀቱ መሄጃ አጥቶ በብረቱ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል።
ይህን ስነግረው ፕሮስፐር መሬት መሬት አየ፤
«ቅዳሜ ማታ» አለ፣ «ልጆቹ ሲሄዱ።»
ሌላ አልጨመረም።

ቁልፉን አዞረ። አንዴ ሳለች።
አንዴ ደግሞ።
በሦስተኛው ያዘች፣ ሁለቱም ካርቡሬተሮች እኩል ተነፈሱ፣
ፕሮስፐር በአረብኛ ይሁን በዕብራይስጥ እንጃ
ረጅም ምርቃት ወይም ረጅም ስድብ አወረደ።

ኮፈኑን ከፈትሁ። አባቴ ሳላስጠነቅቀው
መዳፉን ጎሬው ላይ አሳረፈ፣ ቤንዚኑ ከሚጠራቀምበት።
እንደ ጥጃ አፍንጫ ይቀዘቅዛል።
አላመሰገነኝም፤ ልማዱም አይደል።
እጁን ግን ቶሎ አላነሣም።