ቀድሞ የተቀመጠ

ዶክተር ኢፍቱ በድሬ ወግ "አንተ" እያለች ታወራኛለች፤
ናሙናውን ከመሳቢያ አውጥታ ወደ መስኮቱ ትይዛለች።
ክንድ ያህላል፤ ታይታኒየም፤ ለጭኔ መቅኔ የተለካ፤
ግራጫ ገላው ያብለጨልጫል፤ የለበሰው አለ ለካ።
"ብር ነው" አለች፤ "ከጸጉር ይልቅ ሺህ ጊዜ የሚሳሳ፤
ባክቴሪያ ሊያርፍበት ሲል ገና ከደጁ የሚያስነሣ።"

የፊተኛው እርቃኑን ነበር። ከዚራ ላይ ባጃጅ ገጭቶኝ፣
ጭኔ ለሁለት ሲሰበር ያ ራቁት ብረት ገብቶልኝ፣
ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ስፌቱ ዳር ዳሩን ቀላ፤
ከግንቦት ፀሐይ ይልቅ ጋለ፤ መግል አበጀ ሌላ
መውጫ በር፣ ካልተሰፋበት።
አንቲባዮቲክ ሦስት ዓይነት በደም ሥሬ ወረደ፤
ከንፍጥ በሠሩት አጥር ላይ ተጋጭቶ ወዲያ ነጎደ።
ብረቱ ወጣ። አጥንቴ እስኪጠራ አሥራ አንድ ወር ተኛሁ፤
የጣሪያውን ቆርቆሮ ሚስማር ቁጥሩን በቃሌ ያዝሁ።

"ምን አጥፍቼ ነው?" ብላት ሳቀች።
"ምንም። እሽቅድምድም ነው እኮ።
ብረት ገላህ ውስጥ ሲገባ ባዶ ወንበር ማለት ነው።
ያጥንትህ ሕዋስ ይሮጣል፤ ባክቴሪያውም ይሮጣል፤
ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል፤ ኋላ የመጣ ይወጣል።"

ወንበርን ለእኔ ትነግራለች! ለምድር ባቡር ኮንትሮለር!
ጎሕ ሳይቀድ፣ ለገሃር ላይ፣ ሳይከፈት የፉርጎው በር፣
ሕዝቡ በመስኮት ይጎርፋል፤ ጀሪካን፣ ፍየል፣ ጆንያ፤
ጨቅላ ሳይቀር ይወረወራል፣ ለእናቱ ቦታ ሊይዝ፣ ወዲያ።
አንዴ የተቀመጠን ማን ያነሣል? ይደራረባል፣ ይሳሳባል፤
ነጠላ ከሽርጥ ያስርና እንደ ግንብ ይገነባል።
አይሻ ስንደርስ እንኳን እኔ፣ ንፋስ አያልፍም በመሃል።

ዱላ ነበረኝ።
የወይራ፤ ጫፉ ብረት የለበሰ።
አንድ ማለዳ ደረጃው ላይ አንድ ልጅ፤ ሮብሌ ይሉታል፤
ወተቱን ሸጦ ወደ ሽንሌ የሚመለስ፣
በሁለት እጁ ባዶ ጀሪካን።
"ቲኬት!" አልኩት። አልመለሰም።
ዱላዬ መለሰ።
ከሃዲዱ ዳር፣ ጠጠሩ ላይ፣ ክንዱ ከሥሩ ታጥፎ፣
ያኔ ነው ቲኬቱን ያየሁት፤
በጥርሱ ነክሶት ነበር።
እጅ የለውማ። በምን ይያዘው?

ወጌሻ አሰረለት አሉ። ጠሞ ገጠመ አሉ።
አልጠየቅሁም። ፊሽካዬን ነፋሁ፤ ባቡሩ ሄደ።

"ይኼ ብርሽ" አልኳት ኢፍቱን፣
"ጠላቱን በምን ይለያል?"
ዘንጉን ወደ መሳቢያው መለሰች።
"አይለይም። ከበዛ ያንተንም ሕዋስ ይገድላል።
ለዚህ ነው ስስ የሆነው፤ ጥቂት ጥቂቱን የሚለቅ፣
ያጥንትህ ሕዋስ ደርሶ እስኪቀመጥ።
ከዚያ ማለቅ አለበት።
ደግሞ በእርግጥ ይሠራል ብዬ አልምልልህም።"

ማለቅ አለበት።
ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ዱላ
ይህን ማን ነገረው?

አሁን በእሱ እየተደገፍኩ የደቻቱን አሸዋ እሻገራለሁ።
የጫፉን ብረት በጉጠት ነቅዬ፣
ከአሮጌ የባጃጅ ጎማ ቆርጬ አለበስኩት፤
ድንጋይ ሲነካ ድምፅ የለውም።
ሽንሌ በእግር ሩቅ ነው፤ በባጃጅ ቅርብ ነው፤
እስካሁን አልሄድኩም።

ጭኔ ውስጥ ማን ቀድሞ እንደተቀመጠ አላውቅም።
ኢፍቱም ገና አላወቀችም፤ "ስድስት ወር ጠብቅ" ብላኛለች።
ሲነጋ መዳፌን አኖርበታለሁ፤
ግንባሩ እንደሚዳሰስ ልጅ።
ዛሬ አልጋለም።