የማን እፍኝ

በአባቴ ደብተር ላይ ብቅሉ በኪሎ፣
ውሃው በሊትር፣ ጊዜው በደቂቃ፣ ሁሉም ተደልድሎ፤
ሆፑ ጋ ሲደርስ ግን እርሳሱ ሰነፈ፤
«ሁለት እፍኝ» ብሎ ገጹን አሳለፈ።

የማን እፍኝ? ብዬ የምጠይቀው የለም፤
ኦልድርዢህ አባቴ አልፏል ከዚህ ዓለም።
የተወልኝ ድስት፣ ሃያ ሊትር የሚይዝ፣ ጆሮው የተበየደ፣
አንድ ቴርሞሜትር፣ ቁጥሩ ከሥልሳ ወዲያ ተፍቆ የሄደ።

ከዣቴትስ ሎውኒ አውቶብስ ስነዳ፣
ግራና ቀኝ ሐረግ፣ ሽቦ ላይ የወጣ አረንጓዴ ግድግዳ።
በነሐሴ መስኮት ከተከፈተማ፣
ሽታው ይሳፈራል፣ ትኬት ሳይቆርጥ ገብቶ፣
ይቀመጣል ከኋላ፣ እግሩን ዘርግቶ።
ያደግሁት በጠረኑ ነው፤ ልኩን ግን አላውቅም፤
ማሽተትና መመጠን ጎረቤት ናቸው እንጂ
አንዱ ባንዱ አይጠየቅም።

በመጀመሪያው ጊዜ፣ እፍኜ ትንሽ ናት ብዬ አራት አደረግሁት፤
ከጓሮ የለቀምኩትን፣ የጥድ ፍሬ የሚመስለውን፣ ሰዓት ሙሉ አፈላሁት።
ሳምንታት ጠብቄ ጠርሙሱን ከፈትኩት።
አቤት!
የኩርፊያ ጣዕም አለው፤ በር ወርውሮ የሚሄድ ሰው ዓይነት ኩርፊያ፤
አፍ ውስጥ ተቀምጦ ያድራል፣ እስከ ሥራ መግቢያ።

በሁለተኛው ፈራሁ፤
ቆንጥሬ ጨመርኩ፤ የወጣው የገብስ ሽሮፕ ነበር፤
ለሳል የሚታዘዝ እንጂ ለምሳ የማይሆን ነገር።

በሦስተኛው ጊዜ ሰዓቱ ገባኝ፦
ገና ሲፈላ የገባው ምሬቱን ይሰጣል፣ ሽታው ግን ይተናል፤
እሳቱ ሊጠፋ ሲል የገባው ሽታውን ይዞ ይቀራል።
አንዱ እፍኝ ለምላስ ነው፣ አንዱ ለአፍንጫ፤
ለካ እኔ ሁሉንም ባንዴ ስገለብጥ ነበር፣
የመጨረሻ ፌርማታ እንደቀረው ነጂ፣ በሩጫ።

የእፍኙ ልክስ?
ጋራዥ ውስጥ፣ ምስማር ላይ፣ ጓንቶቹን አየሁ፤
የቆዳ፣ ሽቦ የፋቃቸው፣ ከነአቧራቸው አገኘሁ።
አጠለቅኳቸው። ጣቶቼ ጫፉ ሳይደርሱ ቀሩ፤
የእሱ ጣቶች ጎድጓዳ፣ የመዳፉ እጥፋት፣ እንዳሉ ነበሩ።
በጓንቱ ዘገንኩኝ፤ ሚዛን ላይ ደፋሁት፤
አርባ አንድ ግራም።
ከእፍኙ ጎን፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ጻፍኩት።

ጎረቤቴ ቭላስታ መጣች በፋሲካ፤
ቀዳሁላት፤ ጠጣች፤ ዝም አለች፤
የምትለውን በአፏ ስታላምጥ ለካ።
«ራሱ ነው» አለች። «ራሱ ኦልድርዢህ ነው።»
ደስ ብሎኝ ልደግማት ስነሳ፣ እጄን ያዘችው።
«ድራሆሚራ ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤
ያባትሽ ቢራ እኮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያንገፈግፍ ነበር፤
ሠላሳ ዓመት ጠጣን እንዳይከፋው ብለን፤
አትድገሚው እባክሽ!»

ሳቅኩኝ። ሳቄ መሐል ላይ አንድ ነገር ሰበረኝ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣
«ደህና ነው?» እያለ፣ መልሱን ሳይጠብቅ ጠርሙስ ሲያድል ታየኝ።

ጓንቱን መልሼ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት፤
ከአርባ አንዱ አሥራ ሁለቱን፣ እንደ ሌባ ዞር ዞር እያልኩ፣ ቀነስኩት።
አዲሱ ምድር ቤት ነው፤ እስከ ገና አይከፈትም፤
ይጣፍጥ ይምረር እንጃ፣ ከአሁኑ አልናገርም።

ከፋሲካው መራራ ግን አንድ ጠርሙስ ደብቄአለሁ፤
በጥቅምት ማለቂያ፣ ለሙታን ሻማ ሲበራ፣ ይዤው እሄዳለሁ።
ግማሹን ለሣሩ፣
ግማሹን ለራሴ፤
ፊቴን ሳላጨማድድ፣
እንዳይከፋው ብዬ።