ጠማማዋ ሙዳይ

ለሁለት ቀን ባዛር ስምንት መቶ ብር፣
የካ አባዶ ሜዳ፣ ያልታጨደ ሣር፤
ሁለት ሜትር በሁለት፣ በኖራ የተሰመረ፣
ቁጥር አርባ አንድ፣ ከሽንት ቤቱ ጎን የቀረ።
«ዕጣ ነው» አሉኝ።
«ዕጣ ነው» አልኩኝ፤
ባጃጁን አራገፍኩ፣ ሸራዬን ወጠርኩኝ።

ሙሉሰው፣ ባለ ባጃጁ፣ ሒሳቡን ቆጥሮ መሄዱን ረሳና
«እቱ፣ ከዚህ ክምር ውስጥ የሚሸጠው የቱ ነው?» አለና
ሳቀ።
እውነቱን ነው። የአምስት ወር ሌሊቴን አንድ ላይ ከምሬ፣
ሌማት በሙዳይ ላይ፣ ሰፌድ በእንቅብ ደርድሬ፣
ያ ሁሉ አለላ፣ ያ ሁሉ ስንደዶ
ቁጭ ብሎ ይመስላል የክረምት ማገዶ።

እንደገና ጀመርኩ።
የለስላሳ ሣጥን፣ ሦስቱን ገልብጬ፣
አንዱን ካንዱ በላይ፣ በደረጃ አስቀምጬ፣
ነጠላዬን አውልቄ ከላይ አለበስኩት፤
የጠዋቱን ብርድ ቻልኩት።
እንደ ክፍል ፎቶግራፍ፣ ረጃጅሙ ከኋላ፣
አጭሩ ከፊት ቆሞ፣ በቀይ በወይባ አለላ።
ዋጋውንም ጻፍኩ፣ በካርቶን ቁራጭ፣ ጎላ አድርጌ፤
ሰው መጠየቅ ያፍራል፣ አውቀዋለሁ፣ ከራሴ ወግ፣ ከራሴ ማዕረጌ፤
ስንት ሱቅ አልፌያለሁ፣ ያማረኝን ሳልነካ፣
በዓይኔ ዕቃውን፣ በጣቴ ኪሴን ስለካ።

ጎረቤቴ ደገፋ፣ የሱሉልታው ቀበቶ ሠሪ፣
ቆዳውን በሽቦ ሰቅሎ፣ ነፋስ ሆኖለት ጠሪ፣
እሱ ዘንድ ይቆማሉ፤ ያሸታሉ፣ ይጎትታሉ፣
«እውነተኛ ቆዳ ነው?» ይላሉ።
እኔ ጋ ሲደርሱ ያልፋሉ።
«ያምራል» ይላሉ፤ ያልፋሉ።
«በጣም ያምራል» የሚሉት ደግሞ
ፈጥነው ያልፋሉ።

በቀትር ያው ነፋስ ወደ እኔ ዞረና
ከሁሉ በላይ ያለችውን ሙዳይ አነሣና
ሣሩ ላይ አንከባለላት፣ እስከ ሻይ ሻጯ ድረስ።
ባዶው ቦታ እስኪሸፈን፣ እሷ እስክትመለስ፣
መልስ የማስቀምጥባትን፣ ዝርዝር የሞላትን፣
በአሥራ ሁለት ዓመቴ የሰፋኋትን፣
ስንደዶው ሳይርስ በወስፌ የወጋኋትን፣
ወገቧ የዞረ፣ ክዳኗ የማይገጥም፣
ቀዩ ሲያልቅብኝ አረንጓዴ የቀጠልኩባት፣ መልኳ የማይጥም፣
እሷን ከላይ አኖርኩ።
ከባድ ናትና፣ ነፋስ አይወስዳትም፤
ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

አንዲት ሴት ቆመች። ቁልፍ በእጇ፣ ልጅ በጀርባዋ።
«ይቺስ? የት አለ ዋጋዋ?»
«አትሸጥም።»
«ለምን?»
«ጠማማ ናት።»
«አየሁ እኮ።»
ልጁ እጁን ሰደደ፣ ክዳኑን ገፋ፣ ዝርዝሩ ተንሿሿ፤
እሷ ስትስቅ፣ ያኔ ዓይኗ ወደ ታች ሸሸ፣
ቀጥ ያሉትን አየች። አንድ ባንድ አነሣች፣
ቂጣቸውን ገልብጣ፣ ስፌቱን በጥፍሯ ዳሰሰች፣
ሁለት መቶ አስቀንሳ አንድ ሌማት ገዛች።
«ቀጥ ያለውን ሁሉ» አለ ደገፋ፣ ጉሎውን ሳያስቀምጥ፣
«ፋብሪካ የሠራው ይመስላቸዋል። እሷን ከዚያ አታውርጅ፣ ትቀመጥ።»

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት
አራት ሙዳይ፣ አንድ ሰፌድ፣ ሁለት ሌማት።
ጠማማዋን የጠየቁ፣ ዘጠኝ።
አንድ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ሦስት ሺህ ሊሰጠኝ
ብሩን ቆጥሮ ዘረጋ፤
እጄም፣ አልዋሽም፣ ወደ ክዳኑ ተጠጋ።
«መልስ በምን እሰጣለሁ?» አልኩት፣ ሌላ ቃል ስላጣሁ።
በባጃጅ ስመለስ ጭኔ ላይ አድርጌያት መጣሁ።

ነገ ሁለተኛው ቀን ነው። መብራት ጠፍቷል፤ በስልኬ ብርሃን
አንዲት ትንሽ ሙዳይ ጀመርኩ፣ ለነገ ብትደርስልን፤
ቀዩ አለላ ሞልቶ ሳለ፣
እጄ አረንጓዴውን መሃል ላይ ሊቀጥል ከጀለ፣
ወገቧንም ሆን ብዬ ትንሽ አዞርኳት።
ከመብራቱ ሥር ይዤ አየኋት።
ፈታሁት። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግሜ ፈታሁት፣ ሌሊቱ ሳይነጋ።
አልሆነም።
ስህተቱም ቀጥ ብሎ ወጣ።