አንቴና ያዥ

ደብረ ብርሃን ላይ፣ በኅዳር ቅዳሜ፣
በቆርቆሮ ጣራ፣ ከውርጭ ጋር ቆሜ፣
አንቴና ይዣለሁ፣ ሁለት እጄ ደንዝዞ፣
ሹራቤ ክርኑ ላይ ተቀዶ፣ ተመዝዞ።
ከሥሬ ክበቡ ጢም ብሎ በሠራተኛ፣
ፈታዩ፣ ሸማኔው፣ ማቅለሚያ ቤት፣ ዘበኛ፣
ብርድ ልብስ የሚሠራ፣ ብርድ የማይለቀው፣
አንድ ቴሌቪዥን ነው ሁሉን የሚያሞቀው።
«ቀኝ!» ይላል ሌላው፣ «ግራ!» ይላል አንዱ፣
«እዚያው! እዚያው ተወው! ታየን እስከ ክንዱ!»

እኔ ግን አላይም። ፊልም ማለት ድምፅ ነው፣
በሚስማር ቀዳዳ ሽቅብ የሚተነው፣
መምህር አጥላባቸው እንግሊዝኛውን ቀድቶ
ላዳራሹ ሲያድል ባማርኛ ፈትቶ፦
«ይሄ ከብት አርቢ ነው፤ ሥራው ጥጃና ላም፤
ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ግን የለም።
ከጣውላው ሥር ቀብሯል ሽጉጡን በጨርቅ አሥሮ፤
ስሙም የሱ አይደለም፤ የሰው ነው፤ ተበድሮ።»

ከኋላ፣ በር አጠገብ፣ ጀርባዋ ለግድግዳ፣
አንድ ወንበር ነበረች፤ የጋሼ እንግዳ።
ከጠባሴ በላይ አርባ በግ ያረባል፣
ሦስት የፈረንጅ ላም በማለዳ ያልባል፤
ወተቱ ውሃ አያውቅም፤ ዕዳው አያድርም፤
ዕድር ላይ ይከፍላል፤ ዳኛ ግን አይሆንም።
አንዱ «ከጀማ ማዶ»፣ ሌላው «ከመንዝ» ቢለው
«አገሬ ብርድ ነው» ብሎ ነው የሚመልሰው።
ፈገግ ሲል ግን ዓይኑ በሩን ነው የሚያየው።

ያን ማታ፣ ፊልሙ ውስጥ፣ መንገደኛ መጣ፣
ፈረሱን በሰው ጓሮ ውሃ ሊያጠጣ።
«ከብት አርቢው ጀርባውን ሰጥቶ ሚስማር ይመታል፤
መንገደኛው ቆመና በስም ጠራው» ይላል
መምህር አጥላባቸው፤ «በስሙ፣ በድሮው።
ከብት አርቢው አልዞረም። እጁ ነው የቆመው።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ቆሎ አይቆረጠምም።
በሩ ሲጥጥ አለ፤ ያየው ሰው ግን የለም።
ጋሼ እንግዳ ወጣ፣ ጋቢውን ሳይደርብ፣
ቆመ ከግድግዳው፣ ከመሰላሉ አጠገብ፤
ቀና ብሎ አየኝ። ጨረቃ ነበረች።
እጁ ውስጥ የያዛት ሽምብራ ወደቀች።
«አንተ ልጅ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያን ነገር ጠምዝዘው።»
«ይጠፋል፣ ጋሼ!» አልኩት። «ይጥፋ። አትመልሰው።»

ጠመዘዝኩት። ከታች እሪታና ፉጨት፤
«በረዶ ሆነብን! ምን ነካህ፣ አንተ ፍጥረት?»
ሽልንግ ወረወረልኝ፣ እንደ ውርጭ የቀዘቀዘ፤
ወደ ጠባሴ ዞሮ ጨለማውን ያዘ።
የፊልሙን መጨረሻ ያየ ሰው አልነበረም።
መብራትም ሳምንቱን ጠፋ። ፊልሙም አልተደገመም።

አንቴናው ዛገና ወረደ ከጣራ፤
ክበቡም መጋዘን ሆነ፤ የገብስ ጎተራ።
ጋሼ እንግዳ ሞተ፣ በጥር፣ ሳይታመም፤
ዕድሩ ቀበረው እንጂ የሥጋ ዘመድ የለም።

በሠልስቱ፣ ከሰዓት፣ ከሚኒባስ ወርደው፣
የለቅሶውን ማስታወቂያ በእጃቸው አጥፈው፣
አንዲት አሮጊት መጡ፣ ካለም ከተማ፣ ድንኳን ጠይቀው።
«ደምመላሽ!» አሉ ጮኸው። ማንም አልዞረላቸው።
የኔ እጅ ብቻ ቆመ፣ ንፍሮ ስሰጣቸው።

«ወንድሜን የገደልክ፣ ደምመላሽ፣ ምነው?
ደሙን ከተውንልህ ሃያ ዓመታችን ነው።
እናትህ ለካሣው ሁለት በሬ ሸጣ፣
ሽማግሌ ገብቶ እርቁ በመስቀል ቢመጣ፣
መልእክት ብንሰድ እስከ ደብረ ሲና፣
ማን ያድርስልህ? ስም የለህምና።»

ሽልንጓ አለችኝ። አላጠፋኋትም።
መንገደኛው በኪሱ ምን እንደ ያዘ አላውቅም፤
ጥይት ይሁን ወረቀት።
ብርድ ሲመጣ፣ ኅዳር ላይ፣
እጄ የጠመዘዘውን ሊመልስ ባዶ አየር ይጨብጣል፤
ከታች የሆነ ሰው
«እዚያው! እዚያው ተወው!» ይላል።